ካርታው ላይ ነጭ የሆነው ሰፈር

ወደ አዲስ አበባ ልሄድ ስል ሰው ሁሉ ዕቃ አምጣልን ይለኛል። ስመለስ ግን ዕቃውን ተቀብሎ ይሄዳል እንጂ ምን አየህ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልጻፈው ብያለሁ። የምጽፈውም ለደሴ ሰው፣ በተለይም ከኮምቦልቻ ወዲያ መሄድ ልብ ያደክማል ለሚሉት የሰፈሬ ሰዎች ነው።

ሥራዬ ቅየሳ ነው። ባለሦስት እግር መሣሪያ አቆምና በአንድ ዓይኔ እያየሁ መሬቱ የት ከፍ፣ የት ዝቅ እንደሚል እመዘግባለሁ። ደሴ ላይ ይህ ሥራ ብዙ አያስቸግርም፤ ለጥ ያለ ቦታ ስለሌለ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል ብለህ ብትገምትም አትሳሳትም። ዘንድሮ ረመዳናችን ወጥቶ ሁዳዴ ሳያልቅ፣ አዲስ አበባ ያለ አንድ አማካሪ ድርጅት ለሳምንት ያህል ፈለገኝ። ከአፍንጮ በር ወደ አትክልት ተራ የሚወርድ፣ አውቶቡስ ብቻ የሚሄድበት ጠባብ መንገድ ሊታቀድ ነው። መንገዱ የት የት ማለፍ እንደሌለበት አስቀድሞ ይታወቅ ተባለ። የት ያልፋል የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

እሑድ

አውቶቡሱ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሣ። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ እስከ ሸዋ ሮቢት ድረስ ስለ ጨጓራው ነገረኝ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ማንጎ ገዝቶ በላና ዝም አለ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሾፌሩ መብራቱን ማብራት ረስቶ ነበር። ሁላችንም በየሃይማኖታችን ጮኸን አስታወስነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ እንደ ወትሮው በረደን፣ እንደ ወትሮውም ተገረምን።

የያዝኩት አድራሻ ፒያሳ ውስጥ ያለ አንድ ፔንሲዮን ነበር። ከዓመታት በፊት አድሬበታለሁ፤ የእንጨት ደረጃው ሲረግጡት ይጮኻል፣ በረንዳው ወደ ገበያው ያሳያል። ቦታውን አገኘሁት። ፔንሲዮኑን ግን አላገኘሁትም። ሣር ተተክሏል፣ ረጃጅም የመብራት ምሰሶዎች ቆመዋል፣ ወጣቶች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፎቶ ይነሣሉ። ክፍሌ የት እንደነበረ በግምት አሰላሁና ሻንጣዬን አስቀምጬ አረፍ አልኩ። ክፍሉ ፎቅ ላይ ስለነበረ አሁን ትንሽ ዝቅ ብያለሁ።

የሣሩ ጠባቂ መጣ።

«ወንድም፣ ሣሩን አትርገጥ።»

«እዚህ አልጋ ነበረኝ» አልኩት።

«ስንቱ ነበረው» አለና ፊሽካውን ነፍቶብኝ ሄደ።

እኛም ደሴ ላይ ፒያሳ አለን፤ አራዳም አለን። የኛ ፒያሳ ትንሽ ናት፣ ፎቶ የሚነሣባትም የለም። ነገር ግን ትተሃት በሄድክበት ቦታ ታገኛታለህ።

ለባለቤቴ ለዘይነብ ደወልኩላት። ዘይነብ ለጎረቤታችን ለአስካለ ነገረቻት፤ አስካለ አክስት አላት አፍንጮ በር። ሻይ አዝዤ ሻዩ ሳይመጣ አንድ የማላውቀው ቁጥር ጠራ። «ሰይድ ነህ? ካለህበት ንቅንቅ እንዳትል!» አለ የሴት ድምፅ። ብዙም ሳይቆይ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ ቀጭን፣ ፈጣን አሮጊት ከታክሲ ወርደው ሻንጣዬን ከእጄ ነጠቁ። እትዬ በላይነሽ ናቸው። «ሰው እያለ አልጋ ቤት ይታደራል? አስካለ ምን ትለኛለች!» አሉኝ። እኔን ካወቁኝ ገና ግማሽ ሰዓት አልሆናቸውም፤ ተቆጡኝ ግን እንደ ቆየ ዘመድ ነው።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ በቀጭን የድንጋይ መንገድ ላይ ነው። ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰማያዊ በር። ባለቤታቸው አቶ ኃይሉ ነፍሳቸውን ይማርና በገዛ እጃቸው የሠሩት ነው። መኝታ ቤታቸውን ለቀውልኝ ሳሎን ሊተኙ ተነሡ፤ የተከራከርኩት ሁሉ አልተሰማም። ከአልጋው በላይ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል። እትዬ በላይነሽ ሥዕሏን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ትረብሽሃለች?»

«ኧረ በፍጹም። አስካለም ቤት አለች፤ ሁሌ አያታለሁ።»

«እንግዲያማ ትተዋወቃላችሁ» ብለው ትራሱን አስተካከሉልኝ።

ራት ሽሮና ሱፍ ፍትፍት ነበር። ጾም መሆኑ በጀን፤ ሥጋው የማን ነው ሳንባባል ከአንድ ትሪ በላን። ደሴ ላይ ብልሃቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሠርግ ሲሆን ሁለት ድስት ይጣዳል። እዚህ ግን ከእትዬ በላይነሽ ጋር ሳንነጋገር ተግባባን፤ ደስ አለኝ።

ሰኞ

ቢሮው ስድስት ኪሎ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ነው። የዕቅዱ ኃላፊ ኢንጂነር ሰለሞን ይባላል። ልጅ እግር፣ ጨዋ፣ ሲያወራ ግማሹን በእንግሊዝኛ የሚል፣ እኔንም «ጋሽ ሰይድ» እያለ የሚያከብር ሰው ነው። ትልቅ ካርታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ቀዩ ቅርስ ነው፤ አይነካም። አረንጓዴው ወንዙና የወንዙ ዳር ነው፣ ነባር አገር በቀል ዛፎችም አሉበት፤ እሱም አይነካም። ሰማያዊው የታቦት መንገድ ነው።»

የታቦቱን ነገር ሳይነግረኝም አውቀዋለሁ። ጥምቀት ሲሆን ታቦታቱ በዚያ በኩል ወደ ጃንሜዳ ይወጣሉ። መጀመሪያ የታሰበው በዚያ መንገድ ላይ ድልድይ ተሠርቶ አውቶቡሱ በላይ እንዲያልፍ ነበር አሉ። የሰፈሩ ካህናት ተጠይቀው አይሆንም አሉ። ታቦት ሲያልፍ ሰው ከሰገነት ይወርዳል፣ ከታቦት በላይ አይቆምም። አውቶቡስ ግን ከድልድይ አይወርድም። ድልድዩ ቀረ። ደሴም ታቦት ሲያልፍ እኛ እስላሞቹም ከፎቅ እንወርዳለን፤ ማንም አዞን አይደለም፣ እንዲሁ ስንወርድ ያደግን ነን።

«ነጩስ?» አልኩት።

«ነጩ ነፃ ነው።»

«ምን አለበት?»

«ምንም የለበትም፣ ጋሽ ሰይድ። ለዚህ እኮ ነው ነጭ የሆነው።»

ከሰዓት በኋላ ቀዩን ልለካ ወረድኩ። የጥንት መኳንንት ቤት ነው ተባለ፤ ዙሪያውን የእንጨት ሰገነት አለው፣ ግንቡ ላይ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ነዋሪዎቹ ርግቦችና አንድ ዘበኛ ናቸው። ዘበኛው ከአጥሩ ውጭ እንድለካ ፈቀደልኝ። ፀሐዩ ሲከብደኝ ወደ ቤቱ ጥላ ጠጋ አልኩ። «ጌታዬ፣ ጥላውም የቅርሱ ነው» አለና ወደ ፀሐዩ መለሰኝ። ሥራውን የሚወድ ሰው ደስ ይለኛል፤ ግንባሬ ግን ተላጠ።

ማክሰኞ

ለልኬት አንድ የማይናወጥ ቦታ ያስፈልጋል። ሌላው ሁሉ ከእሱ ተነሥቶ ይለካል። ድንጋይ ይመረጣል፣ ምስማር ይመታበታል፣ ምስማሩ እንዳይጠፋ በቀይ ቀለም ክብና መስቀለኛ ምልክት ይደረግበታል። ሽቅብም ቁልቁልም የሚታይ ጥሩ ድንጋይ በማለዳ ስፈልግ ቆየሁና ያገኘሁት እዚያው ያረፍኩበት ደጃፍ ነው፤ የእትዬ በላይነሽ በር ሥር ያለው የመሠረት ድንጋይ።

ፈቃድ ጠየቅኳቸው።

«ቀለም ከያዝክማ በሩንም ቀባልኝ፤ ቀለሙ ተልጧል» አሉኝ።

በሩን አልቀባሁትም። ድንጋዩን ቀብቼ፣ ምስማሬን መትቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

ወንዙ ዳር ያለው አረንጓዴ ካርታው ላይ ሲያዩት ደረቅ ነው። እግሬ ሲገባበት ግን እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ፤ እግሬን መለሰልኝ፣ አንድ ጫማዬን አስቀረ። መሣሪያዬን ተሸክሜ፣ አንድ እግሬ ባዶውን፣ ዳገቱን ወጣሁ። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ መንደሩ መግቢያ ላይ ድንኳን ተተክሎ ያገኘሁት።

ሰው ሞቷል። ባርኔጣዬን አወለቅኩ፤ ባዶ እግሬን ከሌላኛው ኋላ ደብቄ ከዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ደርሶ ዝም ብሎ መቀመጥ የትም አገር አንድ ነው። ንፍሮ በሳህን ሰጡኝ። እትዬ በላይነሽ መሐል ላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ሴቶች ከበዋቸው አየሁ። የቅርብ ሰው ነው የሞተባቸው ብዬ ደነገጥኩ። ከጎኔ ወዳለው ሰውዬ ጠጋ ብዬ በሹክሹክታ ጠየቅኩ።

«ማን ነው ያረፈው?»

«ቤቱ» አለኝ።

«የትኛው ቤት?»

«የእትዬ በላይነሽ ነዋ! ጠዋት ቀይ ቀቡት።»

ይህን ለደሴ ሰው ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ ደጃፍህ ላይ ቀይ ቀለም ብታይ ቆጣሪ አንባቢ መጥቶ ነበር ትላለህ። እዚህ ግን ሰዉ ባለፉት ዓመታት በሚፈርስ ቤት ላይ ብዙ ቀለም አይቷል። ቀይ ቀለም ካየ አይጠይቅም፤ ዕቃውን መቁጠር ይጀምራል።

እትዬ በላይነሽ እንግዳዬ ነው የቀባው ብለው ነግረዋቸው ነበር። አይዞሽ፣ አይዞሽ እያሉ አለቀሱላቸው። «ሲያለቅሱ ጊዜ እኔም አለቀስኩ» አሉኝ ኋላ፤ «ምን ላድርግ፣ ብቻቸውን ላስለቅሳቸው?»

የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሴ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የባንክ ሠራተኛ ናቸው፤ ከረባታቸውን ግን ጡረታ አላወጡትም። ድንኳኑ እንዲተከል ያዘዙት እሳቸው ናቸው። «ደንባችን የሚያወራው ስለ ሰው ነው» አሉ ቆመው። «ስለ ቤት የሚል የለበትም። ጠዋት ተሰብስበን ተወያየን። ልጆቻችን ያደጉበት፣ ዝናብ ሲመጣ የተጠለልንበት ቤት ነው፤ ከአንዳንድ አባል ይሻላል ተባለ። በድምፅ ብልጫ አልፏል።»

ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሣሁ።

«ምልክቱን የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

 አንዲት ሴት የንፍሮውን ሳህን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደች።

የቻልኩትን ያህል አስረዳሁ። ምልክቱ የመለኪያ መነሻ ነው፤ ከቤቱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ቤቱም አይነካም አልኩ። አይ፣ አሉኝ፣ ሁሉም መጀመሪያ እንደዚህ ነው የሚሉት። «ማልልን!» አለች ሳህኔን የወሰደችው ሴት።

«ወላሂ አይነካም!» አልኩ።

«እስላም ወላሂ ካለማ አለቀ» አለችና ሳህኑን መለሰችልኝ። እልልታው ቀለጠ። እትዬ በላይነሽ ነጠላቸውን ገልብጠው አስተካከሉ። ወጡ አንዴ ተሠርቷልና ድንኳኑ ሳይፈርስ በደስታ ተበላ። የቤት ለቅሶ በልቼ አላውቅም ነበር፤ ከሰው ለቅሶ ይልቅ ቅመም ይበዛበታል።

አቶ ደምሴ በእጃቸው ይዘውኝ ወደ ድንጋዩ ወሰዱኝና አጎንብሰው መረመሩት።

«እና ይሄ ምልክት ያለበት አይነካም ማለት ነው?»

«ይህ ድንጋይ መነካት የለበትም። ከጠፋ ልኬቱ ሁሉ ይበላሻል።»

«ጥሩ ነገር ነው» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

ማታ እትዬ በላይነሽ ከአልጋቸው ሥር የአቶ ኃይሉን ጫማ አውጥተው ሰጡኝ። ይሰፋኛል። ካልሲ ደርቤ አደረግኩት።

ረቡዕ

ሥራው ወደ አትክልት ተራ ወረደ። ትልቁ ገበያ ወደ ሌላ ሰፈር ሄዷል ይላሉ፤ ሽንኩርቱ ግን የሰማ አይመስልም። አንድ ተሸካሚ ጋሪውን እየገፋ መጥቶ መሣሪያዬ ፊት ቆመ። «ፋዘር፣ ካሜራህን ዞር አድርግልኝ፤ እኔ ፍሬን የለኝም!» ዞር ሳላደርግ አለፈ። መሣሪያውን በደረቴ አዳንኩት፤ ከጋሪው አንድ ጎመን ወድቆ ተረፈኝ። ለእትዬ በላይነሽ ይዤላቸው ሄድኩ።

ፒያሳ ላይ ማኪያቶ ጠጣሁ። ባንኮኒው ጋ ቆመው የሚጠጡ ሽማግሌዎች የፈረሱትን ቤቶች በተራ እየጠሩ ሲከራከሩ አገኘኋቸው፤ ወርቅ ቤቱ ከልብስ ሰፊው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ተግባብተው አያውቁም፣ አይግባቡምም። ደሴ ቢሆን ወጥተው አይተው ይመለሱ ነበር።

ሐሙስ

ልኬቱ ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ኢንጂነር ሰለሞን መንገዱን ከቀዩ አራቀው፣ ከአረንጓዴው አራቀው፣ ከሰማያዊው በታች አሳለፈው። መስመሩ እንደ እባብ ተጥመዝምዞ መጣና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አለ። ነጩ ላይ ነው። ጠጋ ብዬ አየሁ። ቀጭኑን የድንጋይ መንገድ ይዞ፣ ቤቶቹን ተራ በተራ አልፎ፣ እትዬ በላይነሽ ሳሎን ውስጥ ይገባል።

«ይሄ ያረፍኩበት ቤት ነው» አልኩት።

«አዝናለሁ፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ቤቱ ቆየት ያለ ነው።»

«ለቅርስነት ዕድሜው አልደረሰም።»

«ጓሮው ዛፍ አለ።»

«አይቼዋለሁ። ባሕር ዛፍ ነው፤ ከውጭ የመጣ ስለሆነ አይቆጠርም።»

«ኢንጂነር፣ እዚህ ቦታ ሰው አለ እኮ።»

እርሳሱን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «አውቃለሁ» አለ። «ግን ለሰው የተመደበ ቀለም የለንም። ሰው ካሳ ነው ያለው።» ቆየት ብሎ ደግሞ በመስኮቱ ወደ ፒያሳ በኩል አመለከተኝ። «እኔም የተወለድኩበት ቤት ነጭ ነበር። አሁን አረንጓዴ ሆኗል፤ ሣር ነው።»

በሌላ በኩል ይለፍ አልኩት። በየት በኩል አለኝ። ካርታውን ብዙ አየሁት። ርግቦቹን ላባርራቸው? ታቦቱን መንገድ ላስለውጠው? ወንዙ ዳር ያለውን ነባር ዛፍ ልንቀለው? ሁሉም አይነኬ ነው፤ ሁሉም ደግሞ በትክክል አይነኬ ነው። እንዲያ እያየሁ ሳለ በድንኳኑ ውስጥ ወላሂ ያልኩት ትዝ አለኝ።

አርብ

አትክልት ተራ አጠገብ ካለው መስጊድ ጁምዓ ሰገድኩ። ስምል የማውቀውን ይዤ ነው የማልኩት፤ ለአላህ ይህን ማስረዳት አልከበደኝም። የከበደኝ ለእትዬ በላይነሽ ማስረዳቱ ነው። ወደ ቤት ስመለስ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ ሰላም ይለኛል፣ እጄን ይጨብጣል። አፍሬ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። ትሑት ነው አሉኝ።

የሰጠኋቸውን ጎመን ሠርተው አቀረቡልኝ። አልወርድ አለኝ።

«ጨው አነሰው?» አሉ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀዩንም፣ አረንጓዴውንም፣ ሰማያዊውንም፣ ነጩንም። እትዬ በላይነሽ ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«በየት በኩል ነው የሚገባው?»

«በሳሎኑ።»

«ኩሽናው ይተርፋል?»

«ግማሹ።»

«ግማሽ ኩሽና ምን ይሠራል» አሉ። ተነሥተው ሄደው በሩን በእጃቸው ዳሰሱት፤ ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ። «ዛፉንስ አልነገርከውም?»

«ነግሬዋለሁ። ከውጭ የመጣ ነው፣ አይቆጠርም አለ።»

«ከእኔ በፊት ነው እዚህ የመጣው። እንግዲያው እኔም አልቆጠርም።» ተመልሰው ተቀመጡ። ዓይናቸው የእኔ እግር ላይ ነበር። «ኃይሉ የዚህን ቤት ጭቃ ሲረግጥ ጫማውን እኔ ነበርኩ ይዤለት የቆምኩት።»

ጫማውን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ።

«ተው፣ ያ ሌላ ጫማ ነው፤ ይሄን ጡረታ ሲወጣ ነው የገዛው» አሉና አለቀሱ። ማክሰኞ ዕለት እንዳለቀሱት ዓይነት አይደለም፤ ድምፅ አልነበረውም። እኔም አለቀስኩ። ይህን ሰፈሬ ቢሰማ ግድ የለኝም።

ከዚያ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠርገው ጎመኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

«ስማኝ። ለማንም እንዳትናገር። ደምሴ ድንኳን ተክሎልኛል፣ ሰው አልቅሶልኛል፣ በልቶ ጠጥቶ ደስ ብሎት ሄዷል። ለአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ድንኳን አይተከልም። እስኪመጡ ድረስ ተደስተው ይቆዩ። አሁን ብላ።»

በላሁ።

ቅዳሜ

የመመለሻ ቀኔ ነው። እትዬ በላይነሽ ዳቦ ቆሎ ቋጥረውልኝ፣ ሻንጣዬን እንደ ልማዳቸው ነጥቀው፣ እስከ ታክሲው ሊሸኙኝ ወጡ። ከበሩ አንድ እርምጃ ሳንሄድ ሁለታችንም ቆምን።

ጎረቤቱ ደጃፍ ያለው ድንጋይ ላይ ቀይ ክብ አለ፤ መሐሉ መስቀለኛ ነው። የሚቀጥለውም ደጃፍ ላይ አለ። ከማዶውም አለ። መንገዱን ተከትሎ እስከ ላይ ድረስ፣ በየበሩ ሥር፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ቀይ ምልክት ነው። አንዳንዱ ክብ ዕንቁላል መስሏል፤ አንዱ ቤት እንዲያውም ለማጠናከር ሁለት አድርጓል። አቶ ደምሴ ከረባታቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በራሳቸው በር ሥር በብሩሽ የመጨረሻውን እየጨረሱ ነበር።

«ሰይድ! እግዜር ይስጥልን» አሉ ሲያዩኝ። «ያንተን ምልክት አይተን ሁላችንም አደረግነው። ምልክት ያለበት አይነካም ብለሃል። እስቲ እየው፤ ትክክል ነው?»

እትዬ በላይነሽን አየኋቸው። እሳቸው ሰማዩን ያያሉ። መስመሩ በዚህ ሁሉ በር ላይ እንደሚያልፍ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን።  አቶ ደምሴ ብሩሹን ይዘው እንደ ተማሪ ይጠብቁኛል። ዝቅ ብዬ ክቡን አየሁት።

«ጥሩ ነው» አልኩ። «ምስማር ብቻ ይጎድለዋል።»

«ምስማር!» ብለው ወደ መንደሩ ጮኹ።

ታክሲ ተራው ጋ ስንደርስ ከኋላችን መዶሻ ይሰማ ነበር።

«ለምን ነገርከው?» አሉኝ እትዬ በላይነሽ።

«ሙያዬ ነው» አልኳቸው። በእውነትም በዚያ ሰዓት ሌላ ያሰብኩት ነገር አልነበረም። ሻንጣዬን ሰጡኝ፣ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ጫማውን እንዳልመልስ አስማሉኝ። ዳግመኛ ማልኩ።

ከዚያ በኋላ

አውቶቡሱ ጣርማ በር ላይ መብራቱን አበራ። ደሴ ደረስኩ፣ ዕቃቸውን ለየባለቤቱ ሰጠሁ፣ ምን አየህ ያለኝ የለም። አስካለ ብቻ አክስቴ እንዴት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። ደኅና ናቸው አልኳት። የእኛን ሰፈር ካርታ ቢሮ ሄጄ አየሁት፤ እኛም ነጭ ነን።

የበልጉ ዝናብ አልፎ ክረምቱ ሲገባ ኢንጂነር ሰለሞን ደወለ። ከጀርባው ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ ይሰማኛል።

«ጋሽ ሰይድ፣ አፍንጮ በር ነኝ። መስመሩን መሬት ላይ ልናወርድ መጥተን የመነሻ ነጥባችን ጠፋብን።»

«ፈርሷል?»

«አልፈረሰም፣ በዝቷል! ሰፈሩ ሁሉ ነጥብ ሆኗል፣ እስከ ታክሲ ተራው ድረስ። ሁሉም ክብ አለው፣ ሁሉም ምስማር አለው። ያረፍክበት ቤት ደጃፍማ የመሠረቱ ድንጋይ አንድም ሳይቀር ተቀብቷል። ሴትዮዋን ብጠይቃቸው ልጄ ሰይድ ነው የሚያውቀው አሉኝ። ካላገኘነው ልኬቱን ሁሉ እንደ አዲስ መጀመር ነው፤ በዚህ ጭቃ ደግሞ አይቻልም፣ እስከ መስከረም መቆየታችን ነው። የተከልከው አንተ ነህ። እስቲ አስታውስ፣ የትኛው ነው የኛ?»

ድንጋዩን እንደ ራሴ ደጃፍ አውቀዋለሁ። ከሰማያዊው በር በስተግራ፣ ጥጉ ትንሽ የተሸረፈው ነው። እግሬ ላይ የአቶ ኃይሉ ጫማ ነበር። ልዋሽ አልፈለግኩም፤ ስለዚያ ሰፈር ምዬ አንዴ ጉድ ሆኛለሁ።

«ቀዩ ነው» አልኩት።